81 ወይስ 66? ማን ጨመረ፣ ማን ቀነሰ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ያደግኩት በኦርቶዶክስ ቤት፣ ገብርኤል አጥቢያ ነው። ባለቤቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ከተጋባን ጀምሮ በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም። ባለፈው እሁድ ግን ምሳ ላይ አማቴ ‹የእናንተ ባለ 81 መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከእኛ 66 በላይ 15 መጻሕፍት ተጨምረዋል፤ ራእይ 22 ደግሞ በሚጨምር ላይ መቅሠፍት ይመጣል ይላል› አሉኝ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ ‹የቀነሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ መጽሐፈ ሄኖክን ይሁዳ ራሱ በመልእክቱ ጠቅሶታል› አልኳቸው። ምሳው በዝምታ አለቀ። ማታ ቲክቶክ ላይ ደግሞ አንዱ ‹መጽሐፍ ቅዱስን የመረጠው ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ኒቅያ ላይ ድምፅ ተሰጥቶበት ነው› ይላል። ግራ ገባኝ። ማን ነው ትክክል? ልጃችን ማንበብ ጀምራለች፤ የትኛውን ልግዛላት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ለብዙ ቤት የሚሆን ነው። በተለይ ለእኛ ከተማ። እዚህ ሐዋሳ ሐምሌ 19 ለገብርኤል ነጠላ ለብሳ የምትወጣ ሴት፣ ሠርግ ሲሆን ባለቤቷ የሚያገለግልበት መዘምራን መሀል ቁጭ ብላ ታገኛታለሽ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ያንን ሳልደብቅ ነው የምጽፍልሽ። የማስተምረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን ለሁለቱም ወገን ነው። ታሪኩ ለአንቺም ለአማትሽም ሙሉ በሙሉ አይፈርድም።

ከቀላሉ ልጀምር። የቲክቶኩ ሰውዬ ተሳስቷል።

የኒቅያ ጉባኤ የተደረገው በ325 ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች የተሰበሰቡት በዋናነት በአርዮስ ምክንያት ነው። ወልድ ፍጡር ነው ወይስ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው? ይህ ነበር ጉዳዩ። ፋሲካ መቼ ይከበር የሚለውም ተነሥቷል። በግብፅ የተፈጠረው የመለጥዮስ ክፍፍልም ነበረበት። በግሪክኛ የደረሱን 20 የጉባኤው ቀኖናዎች ዛሬም ይነበባሉ። ስለ ጳጳሳት ሹመት፣ በስደት ጊዜ ክደው ስለተመለሱ ሰዎች፣ ስለ አራጣ ሳይቀር ይናገራሉ። የትኛው መጽሐፍ ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚል ግን አንድም የለም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከኒቅያ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ የተጻፈ አንድ የግሪክ ጽሑፍ አለ። አባቶች መጻሕፍቱን ሁሉ ከመንበሩ አጠገብ አኑረው ጸለዩ፤ በማግስቱ እውነተኞቹ ላይ ሆነው፣ ሐሰተኞቹ ታች ወድቀው ተገኙ ይላል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ቮልቴር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ይዞ ሲሳለቅበት ኖረ። ከዚያ ወደ ልብ ወለድ ገባ፣ ከዚያ ወደ ስልክሽ። በሌላ ቪዲዮ ስትሰሚው ቢያንስ ዕድሜውን ታውቂያለሽ።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ጀንበር፣ በአንድ ስብሰባ አልተወሰነም። መጀመሪያ መጻሕፍቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ተነበቡ። ዝርዝሩ የመጣው በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም የመጣው «ይህን ማንበብ እንቀጥል ወይስ እንተው?» የሚል ክርክር ሲነሣ ነው።

አዲስ ኪዳንን እንይ። ዛሬ የምናውቃቸውን 27 መጻሕፍት ብቻ ለይቶ የዘረዘረ የመጀመሪያው የታወቀ ጽሑፍ የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 ለፋሲካ የጻፈው መልእክት ነው። ከኒቅያ 42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከእርሱ በፊትም በኋላም ዝርዝሩ አንድ ወጥ አልነበረም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሲና ኮዴክስ፣ ጥንታዊ የግሪክኛ የብራና መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ የበርናባስን መልእክትና የሄርማስን እረኛ ከሐዋርያት ጽሑፎች ጋር ጠርዟል። ሶርያውያን ደግሞ በፔሺታ ትርጉማቸው 22 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ነበሯቸው። ሁለተኛ ጴጥሮስ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዮሐንስ፣ ይሁዳ እና ራእይ አልነበሩበትም።

ራእይ አልነበረበትም ያልኩትን ልብ በይልኝ። አማትሽ የጠቀሱት መጽሐፍ ራሱ ለረጅም ጊዜ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሲያከራክር ኖሯል።

ስለዚህ የራእይ 22ቱ ክርክር ውሃ አያነሣም። ይህን የምለው አማትሽን ለማሳጣት አይደለም፤ ከእኛም ወገን ተገልብጦ ሲነገር እሰማዋለሁና ነው። ዮሐንስ «በዚህ መጽሐፍ የተጻፈውን የትንቢት ቃል» ሲል የሚናገረው ስለ ራእዩ ነው። እርሱ ሲጽፍ ሁሉም መጻሕፍት በአንድ ላይ የተጠረዙበት መጽሐፍ ቅዱስ የሚባል ነገር በማንም እጅ አልነበረም። ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ በዘዳግም 4፥2 ላይም አለ። በአማትሽ አነባበብ ከሄድን ከኢያሱ ጀምሮ ያለው ሁሉ ጭማሪ ሊሆን ነው።

ብሉይ ኪዳን ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ጠቡም ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ቁጥር አታምኚ። አይሁድ 24 መጻሕፍት አሉን ይላሉ። ፕሮቴስታንት 39 ይላሉ። ይዘቱ ግን አንድ ነው! አንዱ ቤቱን በአጥር ግቢ ቆጠረው፣ ሌላው በክፍል። አይሁድ ሁለቱን ሳሙኤል አንድ ይላሉ፤ ሁለቱን ነገሥት አንድ፤ ሁለቱን ዜና መዋዕል አንድ፤ ዕዝራና ነህምያን አንድ፤ 12ቱን ደቂቀ ነቢያት አንድ። ከ39 ላይ 15 ቀንሺ፣ 24 ይመጣል። ደግሞ ሩትን ከመሳፍንት፣ ሰቆቃውን ከኤርምያስ ጋር የቆጠሩት 22 ይላሉ፤ ዮሴፍም 22 ይላል። ዮሴፍ ስል ፍላቪየስ ጆሴፈስ የሚባለውን የ1ኛውን ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ጸሐፊ ነው።

ከዚህ የዕብራይስጥ ዝርዝር ጎን ሌላ ሰፊ ስብስብ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእስክንድርያ መጻሕፍቱ ወደ ግሪክኛ ሲተረጎሙ፣ ሰባ ሊቃናት የምንለው ትርጉም፣ ከጊዜ በኋላ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክ እና ሌሎችም አብረው ይገለበጡ ጀመር። የጥንቶቹ ክርስቲያኖች አብዛኞቹ ግሪክኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። የያዙት ይህንን ነው። የእኛም የግዕዝ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከግሪክኛው ነው።

በምዕራብ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በዚህ ተከራከሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒመስ ዕብራይስጥ ተምሮ ቤተ ልሔም ተቀመጠና «አይሁድ ያላቸውን ብቻ ነው ለትምህርተ ሃይማኖት የምንጠቅሰው፤ ሌላው ለመታነጽ ይነበብ» አለ። አውግስጢኖስ ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን ስታነብበው የኖረችውን ለምን እናወጣለን?» ባይ ነበር። በሰሜን አፍሪካ በሂፖ (393) እና በቅርጣግና (397) የተደረጉት ጉባኤያት ሰፊውን ዝርዝር ያዙ። የሄሮኒመስ ጥርጣሬ ግን አልጠፋም። ከ1,100 ዓመት በላይ ቆይቶ ማርቲን ሉተር አነሣው።

ባለቤትሽ መካነ ኢየሱስ ስለሆነ፣ መካነ ኢየሱስም የሉተርን ትምህርት የምትከተል ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች፣ ይህ ለእርሱም የቤት ታሪክ ነው። ሉተር በ1534 የጀርመንኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉውን ሲያወጣ እነዚህን መጻሕፍት አልጣላቸውም። ከብሉይና ከአዲስ መሀል ለብቻ አኖራቸውና ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል አይያዙም፣ ቢነበቡ ግን ጠቃሚና መልካም ናቸው ብሎ ርእስ ላይ ጻፈ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1546 በትሬንት ጉባኤ መልስ ሰጠች፤ የእርሷን 73 አጸናች። የ1611ዱ የእንግሊዞች የኪንግ ጄምስ ትርጉም እንኳ እነ ጦቢትን መሀል ላይ ይዞ ነው የታተመው።

ታዲያ ከጥራዙ ፈጽሞ የወጡት መቼ ነው? ቀስ በቀስ ነው። ትልቁን በር የዘጋው ግን የገንዘብ ውሳኔ ነው። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1826 ከ66ቱ ውጭ ያለ መጽሐፍ ለሚታተምበት ሥራ ገንዘብ አላወጣም ብሎ ወሰነ። ማኅበሩ በዚያ ዘመን ለብዙ ሕዝብ በቋንቋው መጽሐፍ ቅዱስ ያሳተመ ነውና ውሳኔው እስከ እኛ ደረሰ።

እዚህ ላይ ስማቸው ሊረሳ የማይገባ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አሉ። አባ አብርሃም፣ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ የሚሏቸው። የጎጃም ሰው ናቸው። ካይሮ ላይ ከአንድ የፈረንሳይ ቆንስል ጋር ተቀምጠው ወደ 10 ዓመት በፈጀ ሥራ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ። የእጅ ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ነበር። ማኅበሩ በ1820 ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ፤ ሙሉው ሲታተም የ1826ቱ ውሳኔ ጸንቶ ነበር። አማርኛ አንባቢ በእጁ የገባው መጽሐፍ ቅዱስ ባለ 66 ሆኖ የቀረው በዚህ መንገድ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1954 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የታተመውም ብዙዎቻችን ቤት ያለው ጥራዝ ባለ 66 ነው። እናትሽ ቤት ሄደሽ ብታዪ፣ ከአማትሽ ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ «ቀነሳችሁ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ዝርዝሩን ሉተር አልፈጠረውም፤ የአይሁድና የሄሮኒመስ ነው፣ ጥንታዊ ነው። «ጨመራችሁ» የሚለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ሉተር ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በግዕዝ ሲነበብ የኖረን ነገር ማንም ኋላ መጥቶ ሊጨምረው አይችልም።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ። እኛም ብንሆን ለራሳችን ያላጠራነው ነገር አለ።

81 የሚለው ቁጥር በፍትሐ ነገሥት ላይ አለ። ዝርዝሩን ስትደምሪው ግን 81 አይሞላም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በሁለት መንገድ ይሞሉታል። አንደኛው ብሉይን 46፣ አዲስን 35 ያደርጋል። 35 የሚሆነው በ27ቱ ላይ ስምንት የሥርዓት መጻሕፍት ሲጨመሩ ነው፤ ሲኖዶስ የሚባለው መጽሐፍ አራት ክፍሎች (ሥርዓተ ጽዮን፣ ትእዛዝ፣ ግጽው፣ አብጥሊስ)፣ ሁለቱ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስ እና ዲድስቅልያ። ሁለተኛው መንገድ አዲስን 27 ላይ ትቶ፣ ብሉዩን በዝርዝር እየነጣጠለ 54 ያደርሰዋል።

ስለዚህ አማትሽ «15 ተጨመረ» ሲሉ 81 ላይ 66 ቀንሰው ነው። እንደዚያ አይሠራም። በመጀመሪያው አቆጣጠር ከ15ቱ ስምንቱ የአዲስ ኪዳን ሥርዓት መጻሕፍት ናቸው፤ በክፍል ይዤ የማስተምርበት ጥራዝ ውስጥ እንኳ የሉም፣ ለብቻቸው ነው የሚታተሙት። ለብሉይ የሚተርፈው ሰባት ነው። ግን ኩፋሌ፣ ሄኖክ፣ ጦቢት፣ ዮዲት፣ መቃብያን፣ ሲራክ፣ ጥበብ፣ ዕዝራ ሱቱኤል ብለሽ ስትጠሪ ገና ሳትጨርሺ ሰባቱን አልፈሻል። ሌሎቹ ተጣምረው ስለተቆጠሩ ነው። (መቃብያንን ካነሣን፣ የእኛዎቹ ሦስቱ መጻሕፍት ካቶሊኮች ከያዟቸው የግሪክ መቃብያን ጋር ስም እንጂ ታሪክ አይጋሩም። ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ሲከራከር እሰማለሁ።)

ሄኖክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምሳውን ያበላሸው እርሱ ነውና።

ልክ ነሽ፣ ይሁዳ 14 እና 15 ከሄኖክ 1፥9 ጋር አንድ ነው። ስሙንም ጠርቶ «ትንቢት ተናገረ» ይላል። አማትሽ ግን ጥሩ መልስ አላቸው። ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 17፥28 የግሪክ ባለቅኔዎችን ጠቅሷል፤ በቲቶ 1፥12 ደግሞ አንድ የቀርጤስ ሰው «ነቢይ» ብሎ ጠርቶ ጠቅሷል። መጠቀስ ብቻውን መጽሐፉን ቅዱስ አያደርገውም። የሚገርመው በጥንት ዘመን ክርክሩ በግልባጩም ነበር። ሄሮኒመስ እንደሚነግረን ብዙዎች የይሁዳን መልእክት ራሱን ይጠራጠሩት ነበር፤ ምክንያቱ ሄኖክን መጥቀሱ ነው። የሰሜን አፍሪካው ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ ደግሞ በ200 አካባቢ ሄኖክን ተከራክሮለታል።

አንድ የሚቆጠቁጥ ነገር ልንገርሽ፤ ከእኛ ወገን ብዙም አይነገርም። ያ የ367ቱ የአትናቴዎስ መልእክት በሄኖክ ስም የሚዞሩ መጻሕፍትን አጥብቆ ይነቅፋል። አትናቴዎስ ማን ነው? ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን ነው። የላከልን አባት ያልተቀበለውን መጽሐፍ ነው ይዘን የቀረነው። ይህ ኢትዮጵያ ለእስክንድርያ አልታዘዘችም ማለት አይደለም። መጻሕፍት በአንድ ሰው ዝርዝር እንደማይገዙ ያሳያል። በአክሱም ዘመን የተተረጎመው ተነበበ፣ የተነበበው ተገለበጠ፣ የተገለበጠው ጸና።

ባይጸና ኖሮ ዛሬ ሙሉ ሄኖክን ማንም አያነበውም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ያገኛቸውን ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ ሲመለስ የምዕራቡ ምሁር ሁሉ ተደነቀ። አንዳንዶች ግን በኋላ የመጣ የክርስቲያን ድርሰት ነው ብለው ናቁት። ከዚያ ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥቅልሎች ተገኙ። ሄኖክ በአራማይክ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ ቁርጥራጭ ሆኖ ወጣ። ኩፋሌም በዕብራይስጥ ከ10 በላይ ቅጂ ተገኘ። ለሐቅ ያህል ሁሉም የሄኖክ ክፍል አልተገኘም፤ ከ37 እስከ 71 ያሉት ምዕራፎች እዚያ የሉም። ሙሉው ያለው በግዕዝ ብቻ ነው።

ምሳሌ ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ። ቦርሳሽ ውስጥ ዳዊት ካለ አውጪው። መዝሙር 150 ካለቀ በኋላ አጭሩ 151ኛው አለ፤ ዳዊት ታናሽ ሳለ ስለመመረጡና ጎልያድን ስለመግደሉ። ይህም በ66ቱ ውስጥ የለም፤ በቁምራን ግን በዕብራይስጥ ተገኝቷል። ትንሽ ገልብጪ፤ ከነቢያት ጸሎት መሀል የሠለስቱ ደቂቅ ጸሎት አለ። አሁን የባለቤትሽን መጽሐፍ ቅዱስ ውሰጂና ዳንኤል 3ን ክፈቺ። ቁጥር 23 ላይ ሦስቱ ልጆች እሳት ውስጥ ይወድቃሉ። ቁጥር 24 ላይ ናቡከደነፆር ተደንቆ ይነሣል። በባለ 81ዱ ከሁለቱ መሀል ረጅም ጸሎትና ምስጋና አለ። ልጆቹ እሳቱ ውስጥ ሆነው ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ በረዶን፣ ዓሣ አንበሪን ሳይቀር «እግዚአብሔርን አመስግኑ» እያሉ ይጠራሉ። በልጅነትሽ ስትሰሚው ያደግሽው ይህ ነው። ባለቤትሽ ሰምቶት አያውቅ ይሆናል። አንብቢለት፤ ኑፋቄ የሚሸት ነገር ካገኘበት ይንገርሽ።

እውነተኛው ልዩነት የቱ ላይ ነው ካልሽኝ፣ በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው ስለ ሙታን መጸለይና የጻድቃን ምልጃ ሲነሣ ወገኖቹ የተለያየ መጽሐፍ መጥቀሳቸው ነው። ሁለተኛው ሥልጣን ነው። ፕሮቴስታንቱ ዝርዝሩ ጠባብ እንዲሆን የሚፈልገው ትምህርት ሁሉ የሚመዘነው በዚያ ስለሆነ ነው። ለኦርቶዶክሱ መጽሐፉ ከቅዳሴው፣ ከትርጓሜው፣ ከአባቶች ጋር አብሮ ስለሚነበብ ዳሩ ትንሽ ቢሰፋ አያስደነግጠውም። ከዚህ ውጭ ያለው፣ ሥላሴ፣ የክርስቶስ ልደት፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ፣ በ66ቱም ሙሉ ነው። ይህንን ለአማትሽ አንቺው ቀድመሽ ብትዪላቸው ብዙ ነገር ይረግባል። የ1546ቱንና የ1826ቱን ግን ምሳ ላይ አታንሺባቸው። ሉተርን አንሺላቸው፤ እርሱ ያግዝሻል።

ለልጅሽ። ባለ 66ቱ ቤታችሁ እንዳለ ገምቻለሁ። ስለዚህ ባለ 81ዱን ግዢና ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። መነሻዋ ግን ወንጌል ይሁን፤ ማርቆስ አጭር ነው፣ ነገሩም ይሮጣል። ሄኖክን አሁን አትስጫት። ለራስሽ ካነበብሽው ከ1 እስከ 36 ያለውን አንብቢ፤ ከ72 እስከ 82 ያለው የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር ነው፣ ከጀመርሽው ትተኚበታለሽ።

ለሁለቱም ወገን የሚስማማ መጽሐፍ ለአንቺም፣ ለልጅሽም፣ ለአማትሽም ልምረጥላችሁ፤ ጦቢት። ዓይነ ስውር አባት አለ፣ መንገድ የወጣ ልጅ አለ፣ ሰው መስሎ የሚከተለው መልአኩ ሩፋኤል አለ፣ የሚከተላቸው ውሻም አለ። መድኃኒቱ የሚገኘው ከዓሣ ሐሞት ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ያየች የሐዋሳ ልጅ ይህን ሳትስቅ አታልፈውም። ሉተር ራሱ በመቅድሙ ያሞገሰው መጽሐፍ ስለሆነ አያትየው ቢያነቡላት የሚያስቀይማቸው ነገር የለም፤ እንዲያውም ጠይቂያቸው። 14 ምዕራፍ ነው፣ ማታ ማታ አንዳንድ ቢሉ በሁለት ሳምንት ያልቃል። ምዕራፍ 3 ላይ ሰባት ባሎች የሞቱባት ሴት ታሪክ አለ፤ እርሱን ለትንሿ አሳጥረው ይንገሯት።